የማካካሻ ጣት

በሕይወቴ ብዙ ዋሽቻለሁ። አብዛኛውን በአፌ ነው የዋሸሁት፤ የአፍ ውሸት ደግሞ ይረሳል። አንዱን ግን የዋሸሁት በቀኝ እጄ አመልካች ጣት ነው። በጠራራ ፀሐይ፣ ነጭ ጋዋን ለብሼ፣ ሠላሳ ያህል ሰው እያየኝ። ከዚያ ወዲህ ያቺን ጣት ሰው ላይ ስቀስራት ደስ አይለኝም።

ነገሩ የክሪኬት ነው። ክሪኬት አላውቅም የሚል አንባቢ አይደናገጥ፤ እኔም አላውቅም ነበር። በፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ አጋማሽ ዲቪ ደርሶኝ ሲያትል ስገባ አርባን ተሻግሬያለሁ። መሃል ከተማ፣ ባለ አምስት ፎቅ የመኪና ማቆሚያ ውስጥ፣ መስታወት ቤት ተቀምጬ ትኬት የመቀበል ሥራ አገኘሁ። አገር ቤት አንድ ሙሉ የመንግሥት መጋዘን በእጄ ነበር፤ እዚህ በእጄ የቀረው ከፍ ዝቅ የሚል አንድ አግዳሚ ነው።

በፈረቃ አብረውኝ የሚሠሩት ከሃይደራባድ የመጡ አንድ ሕንዳዊ ነበሩ። ዕድሜያቸው ወደ ስልሳ የሚጠጋ፣ ቀጭን፣ ሸሚዛቸውን እስከ አንገታቸው የሚቆልፉ፣ በአገራቸው ሂሳብ ያስተማሩ ሰው። እንግሊዝኛ አንቱታ የለውም። በዕድሜ አባቴን ሊሆኑ ጥቂት የቀራቸውን ሰው "ዩ" ማለት አልሆንልህ ሲለኝ ጋሼ አልኳቸው። ትርጉሙን ጠየቁኝ፤ ነገርኳቸው። ከዚያ ቀን ጀምሮ በሌላ ስም ስጠራቸው አይሰሙም ነበር።

ጋሼ አጭር ሞገድ የምትይዝ ትንሽ ሬዲዮ ነበረቻቸው። አውስትራሊያ ውስጥ ሲጫወቱ የእነሱ ጠዋት ለእኛ ከሰዓት በኋላ ስለሚሆን፣ በዕረፍታችን ጣሪያው ላይ እንወጣና አንቴናዋን ወደ ባሕሩ አዙረው ያዳምጣሉ። ቴስት ይባላል ትልቁ ጨዋታ። አምስት ቀን ይፈጃል። ለምሳ ይቋረጣል፤ ለሻይ ይቋረጣል፤ ዝናብ ከመጣ ይቋረጣል፤ ይህ ሁሉ ሆኖ በአምስተኛው ቀን አሸናፊ ሳይገኝ ሰዉ ተጨባብጦ ሊበተን ይችላል። "ይሄማ የእኛ አገር የመሬት ክርክር ነው" አልኳቸው። ከት ብለው ሳቁ፤ ከዚያ ግን ኮስተር ብለው አስተማሩኝ።

አንዱ ኳስ ይወረውራል፤ አንዱ በጠፍጣፋ እንጨት ይመታል። መቺው ኳሷን በእንጨቱ ጫፍ ለአመል ያህል እንኳ ቢነካትና፣ ከኋላው ጓንት ያጠለቀው ተቀባይ መሬት ሳትነካ ቢይዛት፣ ያ ሰው ወጣ። ወጣ ማለት ለተራው ወጣ ነው፤ ተመልሶ አይገባም። ነካ ወይስ አልነካም የሚለውን የሚፈርደው ከወርዋሪው አጠገብ ማዶ የቆመው ዳኛ ነው። ከነካ ጣቱን ወደ ሰማይ ያነሳል፤ ካልነካ ዝም ይላል።

ሁለት ነገር ገረመኝ። አንደኛው፣ ዳኛው ካልተጠየቀ አይፈርድም። ሁሉም ሰው ቢያይ፣ ዳኛውም ቢያይ፣ ጮሆ የሚጠይቅ ከሌለ ጣት አይነሳም። ሁለተኛው የበለጠ ገረመኝ፤ ኳሷን እንደነካ የሚያውቅ ጨዋ መቺ ዳኛ አይጠብቅም። እንጨቱን ብብቱ ሥር ከትቶ ራሱ ይወጣል። እኔ በእግር ኳስ ያደግኩ ሰው ነኝ። በእኛ ሰፈር ዳኛ ማለት ከጨዋታው በኋላ በየት በኩል እንደሚያመልጥ አስቀድሞ የሚያጠና ሰው ነው። በራሱ ላይ የሚመሰክር ተጫዋች አይቼም ሰምቼም አላውቅም።

"ሁሉም ይወጣል?" አልኳቸው።

"ከመቶ አምስቱ" አሉኝ። "እኔ ግን ሠላሳ ዓመት ሙሉ ወጥቻለሁ። አንድ ቀን ብቻ ብቀር ያ ሁሉ ከንቱ ነው።"

እውነታቸውን ነበር። እሑድ እሑድ ከሌክ ሲቲ ወጣ ብሎ ባለ አንድ የመናፈሻ ሜዳ ሁለት ቡድኖች ይጋጠማሉ። አንደኛው የታክሲ ነጂዎችና የነዳጅ ማደያ ሠራተኞች ነው፤ ፓኪስታኑም፣ ሕንዱም፣ ፊጂውም ተቀላቅሎበታል፤ ጋሼ የዚህ ናቸው። ሌላው የኮምፒውተር መሥሪያ ቤት ልጆች ነው፤ ጫማቸው ከነጂዎቹ መኪና ይልቅ ያብረቀርቃል። ሁለቱ አይዋደዱም ነበር፤ ዳኛ ደግሞ ሁልጊዜ ከአንዱ ወገን ስለሚወጣ ጨዋታው በስድብ ያልቃል። በዚያ ሰሞን በትልልቆቹ የቴስት ግጥሚያዎች ላይ ዳኛ ከሦስተኛ አገር ማምጣት ተጀምሯል። ጋሼ ይህንን ከሬዲዮ ሰምተው ወደ እኔ ዞሩ። "አንተ ሦስተኛ አገር ነህ" አሉኝ።

ሁለት ወር ጣሪያው ላይ አሠለጠኑኝ። ከዚያ የራሳቸውን ነጭ ጋዋን አምጥተው አለበሱኝ። እጅጌው ያጥረኛል። በሙያዬ የሚያከብረኝ ሰው ካጣሁ ሁለት ዓመት ሆኖኝ ስለነበር፣ እጅጌው ማጠሩን ከቁም ነገር አልቆጠርኩትም።

እውነቱን ለመናገር ለዳኝነት ባዳ አልነበርኩም። ሐበሻ በሚበዛበት ሬኒየር ቫሊ ሰፈር ውስጥ ባልና ሚስት ሲጣሉ፣ ሸሪክ ከሸሪክ ሲካካድ ከሚጠሩት ሽማግሌዎች አንዱ እኔ ነበርኩ። ዘዴዬም የታወቀ ነው። ጥፋቱ ሙሉ በሙሉ የባልየው ቢሆን እንኳ ለሚስትየዋም ትንሽ ፈልጌ አስይዛታለሁ። አንተም ተው፣ አንቺም ተይ ካልተባለ ዕርቁ አይጸናም፤ እንደዚያ ነው የተማርነው። ባለቤቴ ግን አይዋጥላትም። "የእናንተ ፍርድ" ትለኝ ነበር፣ "እንጀራ ለሁለት መቁረስ ነው። ማን እንደራበው አትጠይቁም።" እኔም የሽማግሌ ሥራ ለሴት አይገባም ብዬ አልፋታለሁ።

የመጀመሪያው የጨዋታ ወቅት በሰላም አለፈ። ሁለተኛው ላይ የጋሼ ዓይን ደከመ። ሞራ ነው ተባለ። ጉልበታቸውም ይንቋቋል። የነጂዎቹ ቡድን አለቃ ጎረምሳ ቢጤ ነው፤ ከአሮጌ ጋር መሸነፍ ሰልችቶታል። የወቅቱ መዝጊያ በሆነው ግጥሚያ ላይ ጋሼ ጥሩ ከመቱ ለከርሞ እንደሚቆዩ፣ ካልሆነ ግን ከመስመር ውጭ ተቀምጠው ነጥብ እንደሚመዘግቡ ነገራቸው። ይህንን የነገሩኝ ራሳቸው ናቸው፣ ትኬት እየቆጠርን።

"የነገርኩህ እንድታዝንልኝ አይደለም" አሉ። "ከነካሁ አንተን አልጠብቅም። በሌላ ደንብ መውጣት ካለብኝ ግን ጣትህን ቶሎ አንሳ። ዘገምተኛ ጣት ስድብ ነው።"

ቀኑ የሚያምር ነበር፤ ሲያትል በዓመት ጥቂት ጊዜ የምትሰጠው ዓይነት። ቀድመው የመቱት የኮምፒውተሮቹ ልጆች ናቸው። ከመካከላቸው አንድ ሃያ አምስት ዓመት የሚሆነው ለስላሳ ልጅ ነበር፤ የቡድኑ አለኝታ እሱ ነው። ገና ሞቅ እያለው ሳለ አንዲት ኳስ ዘልላ መጣችና አጠገቡ "ጠቅ" የሚል ድምፅ ሰማሁ። ተቀባዩ ያዛት። ነጂዎቹ በአንድ አፍ ጮኸው ጠየቁኝ። ጣቴን አነሳሁ። ልጁ አንድ ጊዜ አየኝና ወጣ።

ሻይ ላይ ገባኝ። ልጁ ከቴርሞሱ ሻይ ቀድቶ ስኳር ሊያነሳ እጁን ሲዘረጋ፣ ከክርኑ በታች እንደ ሳንቲም የቀላ ክብ ምልክት አየሁ። ኳሷ ያገኘችው እንጨቱን ሳይሆን ክንዱን ነው።

"ምን ሆነህ ነው?" አልኩት፣ እያወቅኩ።

"ኳሷ ናት" አለኝና እጅጌውን ወደ ታች ሳበው። "ያጋጥማል።"

ቢሰድበኝ ኖሮ ተናድጄ እገላገል ነበር። ሳቅ ብሎ ስኳሩን አቀበለኝ። ከኋላው ግን አንዱ ጓደኛው፣ እንድሰማው ብሎ በእንግሊዝኛ፣ "ከሽማግሌው ጋር አንድ የመኪና ማቆሚያ ነው የሚሠራው፤ ምን ትጠብቃላችሁ?" አለ። ሻዩን ሳልጨርስ አስቀመጥኩት። እኔን አድሏዊ የሚለኝ ሰው አገር ቤት አልነበረም።

ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ጭንቅላቴ ውስጥ የተቀመጠው የክሪኬቱ ዳኛ አልነበረም። የሬኒየር ቫሊው ሽማግሌ ነው። ይህኛው ወገን ተበድሏል፤ ስለዚህ ያኛው ወገን ትንሽ መቅመስ አለበት፤ ያን ጊዜ ሚዛኑ ይስተካከላል፤ ሁሉም በልኩ ተከፍቶ ወደ ቤቱ ይገባል። ክፋት አስቤ አልነበረም። እንዲያውም ደግ ሥራ ልሠራ እንደሆነ ይሰማኝ ነበር። ይህ ነው እስከ አሁን የሚያንገበግበኝ።

ከሰዓት በኋላ ነጂዎቹ መምታት ጀመሩ፤ ቶሎ ቶሎም ወጡ። ጋሼ የገቡት ነገሩ ከተበላሸ በኋላ ነው። አለቃቸው መሬት እያየ ነበር። እሳቸው ግን ከአንድ ሰዓት በላይ ቆሙ። ለታይታ የሚሆን ምት አልነበራቸውም፤ መጥፎዋን ኳስ ይመታሉ፣ ጥሩዋን ያስቆማሉ፣ የምታልፈውን ያሳልፋሉ። የደከመ ዓይናቸውን በትዕግሥት ሞሉት። ከመስመር ውጭ የተቀመጡት ነጂዎች መጀመሪያ ዝም ብለው ነበር፤ በኋላ አንድ በአንድ ተነስተው ቆሙ። ለማሸነፍ ሃያ ነጥብ ያህል ሲቀር አለቃቸውም ቆሞ ነበር።

ያኔ ነው ያቺ ኳስ የመጣችው። ወርዋሪው ከጎኔ አልፎ ለቀቃት። ጋሼ እንጨታቸውን ዘረጉ፤ ኳሷ በጎን አለፈች። በእንጨቱና በኳሷ መሃል ብርሃን አየሁ። ላስረግጥ፦ አየሁ። ድምፅም አልነበረም። ተቀባዩ ያዛትና ከጉጉት ብዛት ጮኸ፤ ሌሎቹም ተከትለውት ጮኹ። ክንዱ የቀላው ልጅ ብቻ እጁን ጉልበቱ ላይ እንዳደረገ ዝም አለ። እሱ አልጠየቀኝም።

ጋሼ አልወጡም። ቆሙ። የእሳቸው መቆም ምን ማለት እንደሆነ ሜዳው ላይ ከማንም በላይ የማውቀው እኔ ነኝ። ሠላሳ ዓመት ሲነኩ የወጡ ሰው ቆሙ ማለት፣ አልነካሁም ብለው ማሉ ማለት ነው።

ጣቴ ተነሳች። እንዳስተማሩኝ፣ ቶሎ።

አዩኝ። የተናደደ ሰው አተያይ አልነበረም፤ የሂሳብ መምህር ጎበዝ ተማሪው ሁለትና ሁለት አምስት ነው ሲለው የሚያየው ዓይነት ነው። ጓንታቸውን አወለቁ፣ እንጨቱን ብብታቸው ሥር ከተቱ፣ ያንን የሚንቋቋ ጉልበት እየጎተቱ ወጡ። ሲያልፉ ከራሳቸው ወገን አንዱ ነጂ፣ "ሽማግሌውም ዛሬ ነክተው ቆሙ" ሲል ሰማሁት። ሌላው፣ "ቦታቸውን እንዳያጡ ነዋ፤ ሰው ሲቸግረው..." አለና ራሱን ነቀነቀ።

ነጂዎቹ በጥቂት ነጥብ ተሸነፉ። የኮምፒውተሮቹ አለቃ መጥቶ እጄን በሁለት እጁ ጨበጠኝ። ያ ሻይ ላይ ያማኝ የልጁ ጓደኛም መጣ፤ ይቅርታ አድርግልኝ፣ ተሳስቼብሃለሁ አለኝ። ፍትሐዊ ሰው ነህ ተባልኩ። እውነቱን ልናገር፤ ደስ አለኝ።

ሁልጊዜ የሚሸኙኝ ጋሼ ናቸው። የዚያን ቀንም መኪናቸውን አስነስተው ጠበቁኝ። ኖርዝጌት እስክንደርስ መንገዱን ብቻ እያዩ ነዱ። እዚያ ካለው የገበያ አዳራሽ ሰፊ የመኪና ማቆሚያ ገቡና አቆሙ።

"ነካሁት?" አሉ፣ መሪውን እንደያዙ።

"አልነኩም።"

"አይተሃል?"

"አይቻለሁ ጋሼ።"

"ታዲያ?"

ስለ ልጁ ክንድ ነገርኳቸው። ማካካሻ መሆኑን፣ በእኛ ዘንድ ሽማግሌ አንዱን ወገን ብቻ ከፍቶ እንደማይነሳ፣ እሳቸው ደግሞ የራሴ ሰው ስለሆኑ ይችሉልኛል ብዬ እንደነበር አስረዳሁ። ሳስረዳ አማርኛው ውስጤ ያምር ነበር፤ በእንግሊዝኛ ሲወጣ ግን እኔኑ አስጠላኝ።

"የልጁን አላየህም፤ ተሳሳትክ" አሉኝ። "የእኔን አይተሃል። ይሄ ስህተት አይባልም።" መሪውን ለቀቁት። "ጨዋታው ይቅር። ቦታዬም ይቅር፤ ዓይኔ እንደሁ ከእንግዲህ አይረዳኝም። ግን ነክቶ ቆመ እያሉኝ ነው። ሰው በተሰበሰበበት አንድ ነገር በልልኝ። አልነካም በል። ሌላ ምንም አልፈልግብህም።"

"እሺ ጋሼ። በሚቀጥለው እሑድ" አልኩ።

በሚቀጥለው እሑድ ዘነበ። ከዚያ በሚቀጥለው ለመዝናኛ ያህል ተጫወቱ፤ እኔ ጉንፋን ይዞኝ ነበር፣ ወይም ይዞኛል አልኩ። በመሃሉ ዝናዬ እያደገ ሄደ። ያ ዝና ቅዳሜ ዕለት ሬኒየር ቫሊ ያለው የሐበሻ ሱቅ ድረስ ቀድሞኝ ደረሰ። ሚጥሚጣ ልገዛ ገብቼ አንዱ፣ "ሶ፣ አንተ ነህ አሉ ሕንዶቹን ጀጅ የምታደርጋቸው? የገዛ ወዳጁን እንኳ አውት አደረገው ሲሉ ሰማሁ። ፍርድ እንደዚያ ነው እንጂ!" አለኝ። እዚያው መናገር ነበረብኝ፤ የሰማኝ ሰው ክሪኬት ባያውቅም እንኳ ምላሴን ለማለማመድ። ተመስገን ብዬ ሚጥሚጣዬን ይዤ ወጣሁ።

ለባለቤቴ ነገርኳት። ስትሰማኝ ቆይታ፣ "ታዲያ ነገ ሄደህ ንገራቸዋ" አለች። እንደዚያ ቀላል ነው ብላ ነው። ይሉኝታ የሚባለውን ነገር ሴትየዋ ላይ አልፈጠረባትም። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ይባላል፤ እኔ የብብቴን መጣሌን ባውቅም የቆጡ ጣፍጦኝ ነበር።

ሥራ ላይ ጋሼ ቂም አላሳዩኝም። ደህና ዋልክ ይሉኛል፣ ፈረቃ ሲቸግረኝ ይቀይሩልኛል። ሬዲዮዋን ይዘው ሲወጡ ግን "ና" አይሉኝም። አንድ ቀን ሳልጠራ ተከትያቸው ወጣሁ። አጠገባቸው ቆምኩ። ድምፁ ሲጠፋ አንቴናዋን ያዞራሉ፣ ሲመለስ ያዳምጣሉ። ማን እየመታ እንደሆነ ጠየቅኩ፤ ነገሩኝ። ያችኑ መልሰው ወደ ሬዲዮዋ ዞሩ።

ወቅቱ ካበቃ ከሳምንታት በኋላ ሁለቱ ቡድኖች በአንድ የሕንድ ምግብ ቤት ምሳ አዘጋጁ። ስገባ ጋሼ ፊት ለፊት ከተደረደረው ጠረጴዛ ተቀምጠዋል፤ ነጥብ መዝጋቢነቱን ከርሞ እንደሚጀምሩ አለቃቸው ለሰዉ ተናግሮ ነበር። ከምግቡ በኋላ የኮምፒውተሮቹ አለቃ ተነሳ። ዋንጫ ከሚሸጥ ሱቅ ያስቀረጹት፣ እንጨት ላይ የተለጠፈ የናስ ሰሌዳ በእጁ ይዟል። ስለ ዳኝነት ተናገረ። ለወዳጁ እንኳ ያላዳላ፣ እንደ አባቱ የሚያየውን ሰው እንኳ እውነት ስለሆነ ያስወጣ ዳኛ አግኝተናል አለ። ሰው ሁሉ ወደ ጋሼ ዞረ፤ አንዳንዱ በአዘኔታ፣ አንዳንዱ በፈገግታ። ሽማግሌው የተያዙበት ቀን ሆኖ ነበር በሰዉ ዘንድ የቀረው።

ሰሌዳውን ተቀብዬ ቆምኩ። ዳኛ ሲገኝ ተናገር ይባላል፤ እዚህ ግን ዳኛውም፣ በዳዩም፣ ብቸኛው ምስክርም እኔው ነኝ። የምለውን ለሳምንታት መታጠቢያ ቤት መስታወት ፊት ተለማምጄው ነበር። በእንግሊዝኛ ስድስት ቃል ናት፤ ኳሷን አልነኳትም ማለት። የስድስት ቃል እንግሊዝኛ ለእኔም አያቅተኝም። ጋሼ ሹካቸውን አስቀምጠው ቀና አሉ። እየጠበቁኝ ነበር። ያን ሁሉ ጊዜ እየጠበቁኝ እንደነበር ያወቅኩት ያኔ ነው፤ ከእኔ ተስፋ የቆረጡ መስሎኝ ነበር።

"ታንክ ዩ" አልኩ፤ ሰሌዳውንም ከፍ አድርጌ አሳየሁ።

ለአፍታ ማንም አልተንቀሳቀሰም፤ ንግግሬ ይቀጥላል ብለው ነው። ከዚያ ጭብጨባው ከፊት ጠረጴዛ ተጀመረ። የጀመሩት እሳቸው ናቸው፣ ቀስ ብለው፣ ሸሚዛቸውን እስከ አንገታቸው እንደቆለፉ። ዳኛ ምንም ይፍረድ ምን ማክበር ደንብ ነው፤ ይህንንም ጣሪያው ላይ ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው።